ሽማግሌ ይዤ ጎልፍ ሜዳ የሄድኩ ዕለት

ልጄ ኮል ሲያደርግልኝ እዚህ አሜሪካ፣ ላንግሊ ፓርክ አውቶቡስ ውስጥ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ነበር። «እማዬ፣ አባቷ ሽማግሌ እቀበላለሁ ብለዋል» አለኝ። የእጮኛው አባት ፈረንጅ ናቸው። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ «ግን ቅዳሜ ጎልፍ ስለሚጫወቱ እዚያው ይምጡ አሉ» ብሎ ጨመረ።

የወንድ እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም። ሆኖም ከለመንናቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዳቸውም ሃይዌይ ላይ ስለማይነዱ፣ ሾፌር ሆኜ ሄድኩ።

ሜዳው ውቅያኖስ ዳር ነው፤ ጥንታዊ ነው አሉን። አሸዋ፣ ነፋስ፣ ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ።

«ይኼን ሁሉ መሬት ከብት አይግጠውም?» አሉ ከሦስቱ አንዱ፣ ስፕሪንግፊልድ የሚኖሩት ሽማግሌ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አንቺ ከመኪና እንዳትወርጂ።»

አባትየው ግን አይተውኝ ራሳቸው ጠሩኝ። ባንዲራ ከተተከለበት ቀዳዳ ራቅ ብለው ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። አግዳሚ ወንበር አሳይተው አረፍ በሉ አሉን።

«የመጣንበት ሳይመለስልን አንቀመጥም» አሉ የስፕሪንግፊልዱ፣ በእንግሊዝኛ። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀዳዳውን ከበው ቆሙ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

«እንግዲያው ይህችን ልምታ» አሉ አባትየው። መቱ። ኳሷ ተንከባልላ ቀዳዳው አጠገብ እግሬ ሥር መጣች። የትልቅ ሰው ዕቃ መሬት ወድቆ ቆሞ ማየት ነውር ነው። አንስቼ፣ በነጠላዬ ጠርጌ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

አልተቀበሉኝም። ለካ የጎልፍ ኳስ በእጅ አይነሳም፤ አንዴ ቀዳዳውን አንዴ እጄን ያያሉ። ልጄን ሚስት አሳጣሁት አልኩ በልቤ።

«የልጁ እናት ናት» አሉ የስፕሪንግፊልዱ ፈጠን ብለው። «ልጁንም ያሳደገችው እንዲሁ ነው።»

«የልጄ ዕቃ ሲወድቅ ያነሳላታል ማለት ነው?» አሉ አባትየው።

«በሁለት እጁ።»

አባትየው ኳሷን ተቀበሉኝ። «ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉ ሳይታጠፍ ብለው ወንበሩን አልጠበቁም፤ እዚያው ቀዳዳው ዙሪያ ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። ምርቃቱም እዚያው ተጀመረ፤ ተራ ጠባቂዎቹ እስኪያልቅ ቆሙ።

አሁን ሰርጉ ደርሷል። የልጅቷ አባት ግን ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ ልትገባ ነበር ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ቆማ ነበር እላለሁ። እናንተ ሦስታችሁ ሽማግሌዎቼ እዚያ ነበራችሁ። ቆማ ካያችኋት ሰርጉ ላይ ተነስታችሁ መስክሩልኝ። በሐሰት መስክሩ አልልም፤ እየተንከባለለች ከነበረ ግን እባካችሁ ሳትነሱ ምግባችሁን ብሉ።