በባዶ ሜዳ የማይጮህ ውሻ

ባሌ ከብልባላ ገበያ ለውትድርና ታፍሶ በተወሰደ በመጀመሪያው ክረምት ጅብ በጎቻችንን ጨረሰ። የበረቱ በር በስብሶ ነበር፤ የሚጠግንልን ወንድ አልነበረም። ገደል አፋፍ ላይ ባለችው ባለ ፎቅ የድንጋይ ጎጆ የቀረነው እኔና አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ብቻ ነበርን። ከድርቁ በኋላ ገና እግራችን ስላልጠና፣ ያለ በግ መቅረት ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ውሻ እንያዝ ብዬ ሐሳቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አማቴ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ውሻ የነካው ልብስ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። ሁለት ሦስት ቀን ነገሩን ሲያብሰለስሉ ሰነበቱና አንድ ጠዋት ከበረቱ ደጅ የቀረውን ደም በአመድ እያለበስኩ ሳለ፣ "እሺ አምጪው፤ ከደጅ ግን እንዳያልፍ" አሉኝ።

እኔ ውሻ ኖሮኝ አያውቅም። ያደግኩት ላሊበላ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ነው። እዚያ ውሻ በድንጋይ የሚባረር እንጂ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ከወንዝ ማዶ ንብ የሚያንቡ አንድ ሽማግሌ ውሻቸው እንደወለደች ሰምቼ ሄድኩ። ቡችሎቹ ከቀፎዎቹ ሥር ይራወጣሉ። አንዱ ቀሚሴን ይዞ ጣቴን ላሰኝ፤ ወዲያው ልቤ ሄደና ላነሳው ጎንበስ አልኩ።

"እሱን ተይው፤ ለመጣው ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚሆን" አሉኝ ሽማግሌው።

ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና ጠብቂ አሉኝ። ከግድግዳው ጥግ አንድ አመድማ ቡችላ ተቀምጦ ያየኛል፤ አይመጣም፣ አይሸሽም። ሽማግሌው ከጎናቸው የነበረ የብረት ክዳን አንስተው ድንጋይ ላይ ጣሉት። ቡችሎቹ ሁሉ ተበታተኑ። አመድማውም ዘሎ ሸሸ፤ ከዚያ ግን ቀስ እያለ ተመልሶ ክዳኑን ዙሪያውን አሸተተው።

"አየሽው? ደንግጦ፣ ምን እንዳስደነገጠው ተመልሶ አየ። ይኸ በባዶ ሜዳ አይጮህብሽም።"

በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ቤት እንደደረስኩ ከእጄ አምልጦ ታችኛው ቤት፣ ከወፍጮው መደብ ሥር ገባ። ብጠራው አልወጣም። እጄን ሰድጄ ልጎትተው ስል ነከሰኝ፤ እኔም በእንጨት መታሁት። ከዚያ በኋላ ጨርሶ ራቀኝ። የሰጠሁትን አጓት እኔ ካልራቅኩ አይቀምስም፤ የእግሬን ኮቴ ከሰማ ወደ ጨለማው ይገባል። አማቴ ከላይ ሆነው፣ ጅብ ያባርራል ያልሽው ከአንቺም ይሸሻል አሉ።

ተመልሼ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። የምሰማው ወቀሳ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የተነከሰ እጄን አይተው፣ ፊት ለፊቱ እንዳልቆም፣ ዓይኑንም እንዳላየው ነገሩኝ። ጎኔን ሰጥቼው ተቀምጬ ሥራዬን እንድሠራ፣ ሲፈልግ ራሱ እንደሚመጣ። የምስር ሰፌዴን ይዤ ከመደቡ አጠገብ እየተቀመጥኩ መልቀም ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ እርጥብ አፍንጫ ተረከዜን ነካኝ። ዞር አላልኩም። ምስሩን እየለቀምኩ እንባዬ ወረደ። ባሌን ሲወስዱት ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት።

ሲያድግ ሽማግሌው እንዳሉት ሆነ። ለጅብ ከደረቱ ነው የሚያጉረመርመው። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው አንድ ጊዜ ጮሆ ይተዋል። ወደ እኛ ለሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ጆሮውን ቀጥ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳያቋርጥ የሚጮኸው። በጎቹን እንደገና ጀመርን። እሑድ አማቴን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይሄድና ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ይተኛል። እሳቸው ሲመለሱ የቂጣ ቁራሽ መንገድ ላይ ይጥላሉ። ምነው ብላቸው ለወፍ ነው ይላሉ።

ገብስ በምናጭድበት ሰሞን አንድ ከሰዓት ውሻው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ጮኸ። ከዳገቱ ሥር ጺሙ የረዘመ፣ የወታደር ሱሪው የተበጣጠሰ፣ ጫማ የሌለው ሰው ይመጣል። ውሻው ሮጦ ከፊቱ ቆመ። ሰውዬው አልሸሸም፣ ድንጋይም አላነሳም፤ ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ መሬት ላይ ተደፋ። ውሻውን ጠርቼ መለስኩት። እኔ ሰውዬውን አላወቅኩትም። "ልጄ ነው" ያሉት አማቴ ናቸው፣ ከላይ ከመስኮቱ።

ባሌ ከጦር ሜዳ ከድቶ ነው የመጣው። ቀን እየተደበቀ፣ ሌሊት እየተጓዘ። ከታወቀ እንደሚረሽኑት ወይም ወደዚያው እንደሚመልሱት ሦስታችንም እናውቃለን። ከፎቁ አልወረደም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። አማቴ ብላ ይሉታል፣ ምን አገኘህ ይሉታል፣ የት የት ነበርክ ይሉታል፤ በጠየቁት ቁጥር ይበልጥ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ውሻው ሲጮህ ከአልጋው ሥር ይገባ ነበር። "ያንን ውሻ አርቂልኝ" አለኝ። ከተመለሰ ወዲህ ለእኔ የተናገረኝ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር።

አላራቅኩትም። ግን ሰፌዴን ይዤ ወደ ፎቁ ወጣሁና ጎኔን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። አልጠየቅኩትም፤ አላየሁትም። በየቀኑ እንዲሁ። አማቴም ገባቸው መሰለኝ ጥያቄውን ተዉ። አንድ ቀን ድንገት፣ ከእሱ ጋር አብሮ የታፈሰ የብልባላ ልጅ እንደነበር አወራኝ። አጠገቡ እንደሞተም ነገረኝ።

"እናቱን ገበያ ታያቸዋለሽ?" አለኝ።

"አያቸዋለሁ።"

"አትንገሪያቸው። ማን ነገረሽ ይሉሻል።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴትዮዋን እያየሁ ዓይኔን እሰብር ነበር።

ቀስ በቀስ ባሌ ውሻውን ማድመጥ ጀመረ። የትኛው ጩኸት ለምን እንደሆነ አስተማርኩት። የመጨረሻው ዓይነት ጩኸት ከተሰማ በጓሮ በኩል ወርዶ፣ በእርከኑ ሥር አልፎ ገደሉ ውስጥ ያለው ዋሻ ይገባል። የገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻዎች ከዳተኛ ፍለጋ ደጋግመው መጡ፤ በመጡ ቁጥር የሚያገኙት እኔንና አማቴን ነው። አንዳንድ ቀን ከፎቁ ወርዶ በሩ ላይ ሲቀመጥ ውሻው ከትንሽ ራቅ ብሎ ይተኛል። አይነካኩም። እንዲያ ተቀምጠው ሳይ፣ ከዚህ የበለጠ ነገር አልፈልግም ነበር።

የሚሊሻዎቹ አለቃ ጎረቤታችን ነው። ባሌ በሌለበት መሬታችንን ያረሰልን እሱ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደ ብልባላ ሲወርድ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ውሻው ጮኸ፤ ባሌ በጓሮ ወጣ። ጎረቤታችን ፎቁ ላይ ወጥቶ እጁን አልጋው ላይ ሲያሳርፍ ምንጣፉ ገና አልቀዘቀዘም። አየኝ። ወርዶ ደጅ ቆመና ውሻውን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ይኸ ነው የሚነግራችሁ" አለ።

ለመናገር አፌን ስከፍት ተኮሰ። ውሻው ወዲያው አልሞተም። ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎት በፊት እግሮቹ ወደ በሩ ይሳብ ነበር። ጎረቤታችን፣ "እህቴ፣ የታዘዝኩትን ነው፤ አትቀየሚኝ" ብሎ ዞረ። አማቴ ከፎቁ ወረዱ። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሱትን ነጠላ ለብሰው ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠው የውሻውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስኪያልፍ ድረስ በነጠላው ጫፍ አፉን ይጠርጉለት ነበር።

ጉድጓዱን የቆፈረው ባሌ ነው፣ ሲመሽ ከዋሻው ተመልሶ፣ ከወይራው ሥር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ነፋስ በሩን ሲነካው ይነሳል። ሌላ ቡችላ ፍለጋ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ፤ ሚሊሻዎቹ እዚያም ደርሰው ኖሮ እናቲቱም አልነበረችም። ሽማግሌው ባዶውን ገመድ አሳዩኝ።

ሚሊሻዎቹ እንደገና የመጡት በክረምት ነው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጉም አገሩን ሸፍኖት። በሩ እስኪመታ ምንም አልሰማንም። ባሌ አልታገለም። የኋሊት አስረው ሲያወርዱት አማቴ በባዶ እግራቸው ተከተሉት። ዞር ብሎ፣ "እማ፣ ግቢ፤ ብርድ ነው" አላቸው። ይረሽኑት ወደ ጦር ሜዳ ይመልሱት እንደሆነ የነገረን የለም።

ያ መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ ይመጣ ጀመር ተባለ። ስንቄን ይዤ ጋሸና ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መገንጠያው ላይ ቆሜ ከመኪና የሚወርደውንም በእግሩ የሚመጣውንም ጠየቅኩ። አንዳንዱ የክፍሉን ቁጥር ይጠይቀኛል፤ አላውቀውም። አንዱ ቁስሉን በሻሽ የጠመጠመ፣ የእኔው አገር ሰው የሚመስል ልጅ፣ "ከግንባር የተረፍነው ጥቂት ነን፤ ተመለሽ" አለኝ። እሱንም ባሌን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አላወቀውም።

ቄሱ የባሌ ተዝካር ይውጣ ቢሉ አማቴ እምቢ አሉ። ላልሞተ ሰው ተዝካር አላወጣም ብለው በዚሁ ቃላቸው ቆዩ፤ ሲሞቱም በዚሁ ቃላቸው ነው የሞቱት። እኔ ግን አርባቸውን ሳወጣ ጠላውን እጥፍ አድርጌ ጠመቅኩ። ቄሱ የእሳቸውን ስም ጠርተው ሲጨርሱ ቀረብ ብዬ የእሱንም ስም ነገርኳቸው።