አሜን ያስለመደኝ ንግግር

ትናንት ጠዋት ሥራ ቦታ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ፣ ያልተዘጋጀሁበት ቃል ከአፌ አመለጠ...

መነሻው ግን እዚሁ ቴምፕል ከተማ፣ ደጃችን ላይ ፓርክ የተደረገችው መኪናዬ ናት።

የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ነው። የሊድ፣ የቡድን መሪነት ቦታ ሲከፈት አፕላይ አደረግኩ። ሱፐርቫይዘሬ «ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ ድምፅሽን ግን ሰምቼው አላውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ለሠራተኛው ስለ አደጋ ጥንቃቄ የሚደረገውን የሴፍቲ ንግግር አንቺ አድርጊውና እንይሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ምግብ ቤት ያላዘዝኩትን ቢያመጡልኝ ዝም ብዬ የምበላ ሰው ነኝ።

የንግግር ምክር ከዩቲዩብ ቃረምኩ። እጅሽን አንቀሳቅሺ፣ ድምፅሽን ከሆድሽ አውጪ፣ አንድ ነገር ከተናገርሽ በኋላ ቆም በይ... ቤት ውስጥ ልጄ ስለምትስቅብኝ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ መጮህ ጀመርኩ።

አንድ ቀን መስኮቱ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን የጸሎት ቡድን የሚመሩት።

«የኔ ልጅ፣ ሰሞኑን እጅሽን ዘርግተሽ ስትጮሂ አይሻለሁ። ምን ገጠመሽ? ንገሪኝና አብረን እንጸልይ።»

«ኧረ እትዬ... ስለ እርጥብ ወለል ነው።»

«ስለ ምን?»

ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ስል በሩን ከፍተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «በይ አሰሚኝ። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ፍርሃቱ ይገባኛል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። እኔ በእንግሊዝኛ «ወለሉ እርጥብ ከሆነ ምልክት አቁሙ!» ብዬ ቆም ስል፣ እሳቸው «አሜን!» ይላሉ። «ከባድ ጋሪ ብቻችሁን አትግፉ!» «አሜን! ጮክ በይ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል!»

ትናንት ሰዓቱ ደረሰ። «ወለሉ እርጥብ ከሆነ ምልክት አቁሙ!» አልኩና ቆም አልኩ።

ጸጥ...

አንድም ፊት አልተንቀሳቀሰም። ሱፐርቫይዘሬ ክንዱን አጣጥፎ ያየኛል። ጠበቅኩ... ጠበቅኩ... አፌ በራሱ ጊዜ «አሜን?» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ከኋላ በኩል ናይጄሪያዊቷ ግሎሪያ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ኤሜን!» ብላ አዳራሹን አናጋችው። የሰዉ ሳቅ በረድ ሲል ስለ ጋሪው ተናገርኩ። አሁን ግማሹ ሰው «ኤሜን!» አለ። ስለ እሳት አደጋ መውጫው ስናገርማ ሱፐርቫይዘሬም አብሮ ነበር።

ስጨርስ ጠጋ ብሎ «ከሰኞ ጀምሮ ሊድ ነሽ» አለኝ።

ማታ ለእትዬ ብርሃኔ ስነግራቸው ምን እንዳሉ ትገምታላችሁ።

ዛሬ ደግሞ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ወለሉን አርጥቦ ምልክት ሳያቆም ሊሄድ ሲል፣ ከማዶ «ኤሜን!» ተብሎ ተጮኸበት... ሮጦ ተመልሶ አቆመው።