የጋሼ ኬንጂ ጥያቄ

ዛሬ ሞርስ ሮድ ላይ አንድ ግሮሰሪ ስገባ በስኳር የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ ሸተተኝና በራሴ ንድድ አልኩ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ እዚሁ ኮሎምበስ ከተማ፣ ጋሼ ኬንጂ የምንላቸው ጃፓናዊ አዛውንት እንዲህ ያለ ቦሎቄ እየቀቀሉ ያገራቸውን ጣፋጭ በሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሙያው ከቅድመ አያታቸው የወረደ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን እናቴ ያድበለበለችውን የሩዝ ሊጥ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና፣ "ልጆቼ ሙያውን አልፈለጉትም። የእናትሽ እጅ ግን ያውቅበታል። ሁሉንም ላስተምራትና ሱቁን ትረከበኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ" አሉኝ።

"ምን አሉ?" አለች እናቴ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

ቅዳሜን እንኳ ከእኔ ጋር አትውልም ነበርና ሱቁን ከተረከበች ጭራሽ የማጣት መሰለኝ። "ጎበዝ ነሽ አሉሽ" አልኳት። እሳቸውን ደግሞ "አልፈልግም ብላለች" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በዓመቱ ሱቁ ተዘጋ። እናቴ ግሮቭፖርት ያለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ገብታ ወገቧን እስኪያማት ካርቶን አነሳች።

ከግሮሰሪው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ኮል አደረግኩላት። "እማዬ፣ ጋሼ ኬንጂ እኮ ያኔ..."

"ተይኝ እስቲ! ያን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ፣ ሙያውን ላስተምርሽ እንኳ ሳይሉኝ ዘግተው የሄዱ ሰው!" ብላ ተቆጣች።

"እሺ፣ ተይው" አልኳት።