አሥራ ስምንተኛው ላባ

በፈረንጅ አገሯ ከተማ በብሩክሊን ሴንተር እጁ ሥራ ፈቶ የማያውቅ ሰው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሰፈርተኛው በአንድ አፍ አሳምነውን ይጠራል። ቀን ቀን ሕመምተኞችን ከነዊልቸራቸው በቫን ሆስፒታል ያመላልሳል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ የጎረቤት በር ያቃናል፣ የተበላሸ ራዲዮ ይፈታል፣ ለመስቀል ከታረደው ሰንጋ የደረሰውን የቅርጫ መደብ እንደ ክር ተልትሎ ቋንጣ ይሰቅላል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን እጁ የከዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወሬያችንም ስለዚያ ነው።

በአጥር የሚዋሰኑት ጎረቤቱ አርቪድ የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ነበሩ። አሳምነው ፈረንጅ ናቸው ብሎ ማዕረጋቸውን አላጓደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሽ አርቪድ ይላቸዋል። እሳቸውም ጋሽ የስማቸው ግማሽ እስኪመስላቸው ድረስ ለመዱት።

ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ማደን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት በጸደይ ጫካ ይዘውት ሄዱ። አሳምነው ዛፍ ተደግፎ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ ተቀመጠና አንድ ግዙፍ አውራ ተርኪ ጣለ። ቤት ይዞት ሲመጣ ሚስቱ ጽጌሬዳ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ ሥጋ ድስቴ ውስጥ አይገባም አለች። ክርክር የለም። ሥጋው ለጋሽ አርቪድ ሆነ፤ ለአሳምነው የደረሰው ጅራቱ ብቻ ነው።

እሱ ግን ከሥጋው ይልቅ ጅራቱን ወደደው። ጋሽ አርቪድ እያሳዩት ከላባው ሥር ሥጋና ስቡን ፍቆ፣ ከልብስ ሳሙና ጋር ተደርድሮ የሚሸጠውን ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ነሰነሰበት። እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ካርቶን ላይ በስፒል ወጠረው፤ ሲደርቅም እንጨት ላይ ተክሎ መኝታ ቤቱ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ መኝታ ቤት ይነዳል።

ባለፈው ነሐሴ ጋሽ አርቪድ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ቤታቸው ተሸጠ፤ እሳቸውም ጽጌሬዳ በነርስ ረዳትነት የምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ከቤታቸው ዕቃ ሁሉ ለአሳምነው በአደራ የሰጡት አንድ ነገር ነው፤ የሟች ባለቤታቸውን የማርሊስን ተርኪ ጅራት። ማርሊስ በዕድሜዋ ያደነችው ተርኪ ያ አንዱ ብቻ ነበር። ሥሩ ላይ የቆየ ስብ አለ፣ ፍቀህ ቦራክስ ነስንስበት፣ ክዳን ባለው ሳጥን ይቀመጥ፣ ከዚያ ሳሎንህ ስቀለው፣ መጥቼ አየዋለሁ አሉት።

አሳምነው እሺ አለ። በልቡ ግን፣ ማድረቅ ደግሞ ለእኔ ሊነገረኝ ነው አለ። ቦራክሱ አልቆበታል፤ ጨው ግን ቤቱ ሞልቷል። አባቶቹስ ሥጋና ቆዳ ያቆዩት በምን ሆነና? ስቡን እንደነገሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና በጨው ጥሩ አድርጎ አሸው። ከዚያም ምድር ቤት፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ ቋንጣው በተሰጣበት ገመድ ዳር አንጠለጠለው። ሁለቱም ደረቅ አየር ይወዳሉ፤ ጎን ለጎን ይድረቁ ብሎ ረሳው።

የገና ሰሞን አንድ ሰኞ ጽጌሬዳ ከሥራ ስትገባ ወሬ ይዛ መጣች። ጋሽ አርቪድ ለቅዳሜ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ምሳ እኛ ጋ ናቸው፤ ጅራቱን ተሰቅሎ ማየት ይፈልጋሉ። አሳምነው እየተፍለቀለቀ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ጅራቱን ከገመዱ ሲያነሣው ሁለት ላባ መሬት ወደቀ። ሦስተኛው እጁ ላይ ቀረ። ገልብጦ ሥሩን ወደ መብራቱ ቢያስጠጋው፣ ጸጉራም ቡናማ የብል ትሎች ይርመሰመሳሉ። ቀና ብሎ ቋንጣውን አየ። እዚያም እነሱው ናቸው። ለካ ብሉ ለቋንጣው መጥቶ፣ ጅራቱን ሲቀላውጥ ከርሟል።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደህና የተረፉት አሥራ አንድ ላባዎች ናቸው። የቀሩት ተሸራርፈውና ተሰባብረው፣ ስንት እንደነበሩ እንኳ አይለይም። ጽጌሬዳ ከላይ ሆና አየችው። መጀመሪያ ቋንጣዬን አለች፤ ቀጥሎ የባሏን ፊት አየችና የቋንጣውን ነገር ተወችው።

«ደውልና ንገራቸው» አለችው።

«አልችልም።»

«ነገ ጠዋት ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ። የደም ግፊታቸውን በለካሁ ቁጥር ‹ማርሊስ እንዴት ናት?› ነው የሚሉኝ፤ ጅራቱን ማለታቸው ነው። ምን ልበላቸው?»

«ደህና ናት በያቸው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሞተች ሴት ደህና ናት ብዬ ልዋሽልህ?»

አሳምነው ቋንጣውን በሙሉ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ጣለው። ጅራቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጋራዥ አስቀመጠው፤ በዚያ ሳምንት ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስለነበር እንኳን ብል የመኪና ባትሪም አይተርፍም። ሐሙስ ሲያወጣው ትሎቹ ሞተው ነበር። ሥሩን በቢላ ፋቀ፣ ቦረሸ፣ በዚህ ጊዜስ ቦራክስ ገዝቶ ነሰነሰ። ስልኩን ቢጠይቅ ተርኪ ጅራቱ ላይ አሥራ ስምንት ትልልቅ ላባዎች አሉት አለው። ሰባት ይጎድላል ማለት ነው።

መኝታ ቤት ገብቶ የራሱን ጅራት ከግድግዳው አወረደ። ፒንሳ ይዞ አንድ በአንድ ሰባት ላባ ነቀለ፤ በየአንዳንዷ ጥርሱ የሚነቀል ይመስል ፊቱ ይጨማደዳል። እነዚያን በማርሊስ ላባዎች መካከል ሰካክቶ በማጣበቂያ አያያዛቸው። የተቀነሰበትን የራሱን ጅራት ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀው።

አርብ ጽጌሬዳ ስትመለስ፣ ጋሽ አርቪድ ጸጉራቸውን ተስተካክለው ሸሚዝ አስተኩሰዋል አለችው።

«የራስህን ላባ መሰካትህን ካወቁስ?»

«ላባ ላባ ነው። ሠርቼው እኔ ራሴ አልለየሁትም።»



ቅዳሜ በራሱ ቫን ሄዶ አመጣቸው። መንገዱን ሁሉ ወትሮ ወሬው የማያልቀው አሳምነው ስለ መንገዱ በረዶ ብቻ አወራ። ሳሎን ሲገቡ ጅራቱ በጽጌሬዳ የአንድ ቀን ፈቃድ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሎ፣ ብርሃን አርፎበት እንደ መዳብ ያበራል። ጋሽ አርቪድ ለአፍታ አዩትና አውርደህ ጭኔ ላይ አድርግልኝ አሉት።

አወረደው። ሽማግሌው በሌባ ጣታቸው ከግራ ጀምረው ላባዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከቀኝ ጫፍ ሲደርሱ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። ጽጌሬዳ ጭልፋዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«አሥራ ስምንት» አሉ።

«ሙሉ ነው ጋሼ» አለ አሳምነው።

«የማርሊስ አሥራ ሰባት ነበር። አንዱን ነቅዬ ሬሳ ሣጥኗ ውስጥ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ክፍተቱ እንዳይታይ የቀሩትን አጠጋጋኋቸው።»

አሳምነው ዊልቸሩ ፊት ተንበረከከ። ጨውን፣ ገመዱን፣ ብሉን፣ ጋራዡን፣ ሰባቱን ላባ፣ ሁሉንም ተናዘዘ። ቋንጣው ጋ ሲደርስ ጋሽ አርቪድ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙትና፣ ቋንጣውም ሁሉ ተጣለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁሉም አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በየትኛው ይበልጥ እንዳዘኑ ግን አልታወቀም።

«የሷ ስንት ተረፈ?»

«አሥራ አንድ።»

«ሌሎቹ የማን ናቸው?»

«የኔው ናቸው። ከመጀመሪያው ተርኪዬ።»

ጋሽ አርቪድ ጅራቱን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። ከዚያ ፒንሳ አምጣልኝ አሉ። አሳምነው አምጥቶ ሰጣቸው፤ ሰባቱንም ነቅለው ሊወረውሩለት ነው ብሎ ጠበቀ። ሥራቸው ማጣበቂያ ካለበት ከእሱ ላባዎች ግን በስተዳር ያለውን አንዱን ብቻ ይዘው ሳቡ። ማጣበቂያው ቀጭ አለ። ፒንሳውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

«አሥራ ሰባት» አሉ። «ስድስቱ እዚሁ ይቆዩ፤ ማርሊስ እንግዳ ትወድ ነበር። ይሄንን ግን ቦታው መልሰው። በቦራክስ፤ በጨው እንዳይሆን።»

ምሳው ሳይቀርብ የተደበቀው ጅራት ከቁም ሣጥን ወጣ። ጋሽ አርቪድ ከዊልቸራቸው እያዘዙ አሳምነው ላባዋን መልሶ ተከላት። ሁለተኛውን ሚስማር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የመታችው፣ የሞተ ወፍ ሳሎኔ አይገባም ትል የነበረችው ጽጌሬዳ ራሷ ናት።

ዛሬ እነአሳምነው ቤት የገባ ሰው ሁለት ጅራት ጎን ለጎን ተሰቅለው ያያል፤ አንዱ አሥራ ሰባት፣ አንዱ አሥራ ሁለት። ለምን ጎደሉ ብሎ የጠየቀ እንግዳ፣ ታሪኩ ተነግሮ እስኪያልቅ ምሳው ይቀዘቅዝበታል።