የሩይሊያን የነጥብ መዝገብ

ሩይሊያን ድሮ በመንደራችን የምትወደድ ሴት ነበረች። ባሕር ዳር ወርደን የባሕር ሣር ስናሰጣ ወሬውን የምታሟሙቀው እሷ ነበረች። የመንደሩ ኮሚቴ የነዋሪውን ጠባይ በነጥብ እንድትመዘግብ ከሾማት ወዲህ ግን ገና ብቅ ስትል ጨዋታው ይቀዘቅዛል። መንገድ የጠረገ ይጨመርለታል፤ ቆሻሻ የደፋ፣ ጎረቤቱን የሰደበ ይቀነስበታል። የአንድ ቤተሰብ ነጥብ ደግሞ አብሮ ነው የሚቆጠረው፤ በየወሩ በስም በስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በእኔ በሱን፣ በግድግዳ ጎረቤቷ ላይ እንኳ፣ ውሻህ ጮኸ ብላ አንድ ነጥብ ቀንሳብኛለች። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ዘንድሮ ያስጨነቃት የልጇ የደቻንግ ነገር ነው። ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌርነት ተፈትኖ አልፏል፤ የቀረው ቤተሰቡ አንደኛ ደረጃ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ግን ደረጃው ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጥብ በሦስት ብቻ ከፍ ብለው። ዝርዝሩ የሚለጠፈው ሙታን በሚታሰቡበት በመቃብር መጥረጊያ ቀን ማግስት ነበር። ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሏታል።

በመቃብር መጥረጊያው ቀን ጠዋት፣ የሰማንያ አራት ዓመት እናቷ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ሌላ ሙት እንዳይቀማው በኖራ ክብ ሠርተው፣ በጭሱ ይደርሰዋል ብለው ለሟቹ ባላቸው ከወረቀት የተሠራ ካፖርት አቃጠሉ። እሳት ያስነሳል ተብሎ ከተከለከለ ቆይቷል፤ አምስት ነጥብ ያስቀንሳል። ሩይሊያን ሮጣ ደርሳ በእግሯ ስትረጋግጠው ግማሹ መንደር አየ።

"እማ፣ ምን ነካሽ? ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?"

"አባትሽ በሕልሜ መጥቶ ብርድ ገደለኝ አለኝ! እሱን ላልብሰው ወይስ ያንቺን መዝገብ ልጠብቅ?"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ብትጽፈው የልጇ ሥራ ይቀራል፤ ሳትጽፈው ብትቀር፣ ካዩት አንዱ በስልኩ ለኮሚቴው ይልከዋል፤ ያኔ ደግሞ ደበቀች ተብሎ የሚቀነሰው ይብሳል።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ጠፉ። ከሩይሊያን ጋር ስንፈልግ ባሕሩ ዳር ካለው አሮጌ ቤታቸው ገብተው፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው አገኘናቸው።

"ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው" አሉ በበሩ ስንጥቅ። "ጥፋቴ በእኔው ላይ ይጻፍ።"

"እማዬ፣ እናቱን ብቻዋን የተወ እኮ ሃያ ነው የሚቀነስበት! ክፈቺ በናትሽ!"

አሮጊቷ ከውስጥ መቀርቀሪያውን አጠበቁ።

"እንግዲያው ሞታለች ብለሽ ጻፊያ። ከሞተ ሰው ምን ይቀንሳሉ?"

ሩይሊያን የምትስቅ መስሎኝ ነበር። መዝገቧን ከብብቷ አወጣችና ሟች የሚጻፍበትን ቦታ ትፈልግ ጀመር።

"ያቃጠለችው ዛሬ ጠዋት ነው" አለች ለራሷ። "ትናንት ሞተች ብል..."

አፈርኩ። በእሷ አይደለም ያፈርኩት። ከኋላዋ ቆሜ "መጨረሻው ገጽ ላይ እዪው" ያልኳት እኔ ነኝ።