የተተኮሰው ወረቀት

ስኳር ዓይኔን አድክሞት ፊደል መለየት ሲያቅተኝ፣ የልጅ ልጄ ስልኬን የሚናገር አደረገችልኝ። ጣቴ የነካውን ሁሉ ያነባል። እኔን የገረመኝ ግን መናገሩ ብቻ አይደለም፤ መስታወቱ ልሙጥ መሆኑ ነው። ጉብታ ፍለጋ ደጋግሜ ዳበስኩት። ልጅቷ ሳቀችብኝ። አስቴርን አታውቃትማ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሽሮ ሜዳ አባቴ ይሸምናል፣ እኔ ለገበያ የሚወጣውን ነጠላ እተኩሳለሁ። ውሃ በአፌ እፍ እልበትና በከሰል ካውያ እጫነዋለሁ፤ ከእጄ የተጨማደደ ነገር አይወጣም ነበር። አስቴር ለማትሪክ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀራት ጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራየች። እኩያዬ ናት፤ ዓይነ ስውር ናት። እንዴት እንደምታጠና ለማወቅ ልቤ ተሰቅሏል፤ መጠየቁን ግን አፈርኩ።

አንድ እሁድ ቀበሌ ስብሰባ ስትሄድ ክፍሏን ላጸዳላት ገባሁ። ሣጥኗ ላይ የተከመረው ወፍራም ወረቀት ሽፍ ያለበት ቆዳ ይመስላል። የበልጉ ዝናብ በጣሪያው የገባበት መሰለኝና አዘንኩላት። እንደ ነጠላው ውሃ እፍ እያልኩ አንድ በአንድ ተኮስኩት። እንዲያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ተመልሳ እጇን አሳረፈችበት። ገለጠች፤ ሌላም ገለጠች።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ። ተጨማዶ ስለነበር ተኮስኩልሽ።"

አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። "የዓመት የታሪክ ማስታወሻዬን ነው የተኮስሽው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ የማነበው ጉብታውን ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቀስኩ። እሷ ልቅሶዬ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ የታሪክ መጽሐፍ ከየትም ፈልጌ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከጎረቤት ተማሪ ተዋስኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ጉብታ በምታወጣበት መውጊያዋ ወረቀቱን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። እናቴ ቆጮ በዳጣ ስታቀርብልን እንኳ በአንድ እጇ እየበላች በሌላው የጻፈችውን ትዳብሳለች። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ፤ ሁሉም ጉብታ አንድ ሆነብኝ። ፈተናው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት መጽሐፉን ጨረስነው። አለፈች፤ አስተማሪም ሆነች።

ያኔ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖር ካውያዬ ማንንም ባልጎዳ ነበር እላለሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠንም ባላነበብን ነበር።

ትናንት የዓይኔን ነገር በልጅ ልጄ አስጽፌ ለአስቴር ላኩላት። ዛሬ ጠዋት ስልኩ መልሷን አነበበልኝ፦ "ቅዳሜ ወረቀትና መውጊያ ይዤ እመጣለሁ። እስክደርስ ካውያውን ደብቂው።"

ደግሜ አስነበብኩት።