ቲጂ ከማጂ የጠፋች ጊዜ

ቲጂ ታፈሰን የማያውቃት የቴፒ ቡና ገበሬ የለም። የግብርና ባለሙያ ናት፤ በሞተር ሳይክሏ ጭቃውን እየበተነች ትመጣና የቡና ዛፉን ያልገረዘውን ሁሉ ትቆጣለች። ሰው ይፈራታል። እኔ ሮዳስ ግን የአጎቷ ልጅ ነኝ፤ አብሬያት የጠፋሁም እኔው ነኝ። ስለዚህ መፍራቱ እምቢ ይለኛል።

ካደግንበት ከማጂ የጠፋነው አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላን ነው። አባቷ፣ አጎቴ ታፈሰ፣ ከቱም ከተማ ለመጣ የእሳቸው እኩያ ለሆነ ነጋዴ ሊድሯት ቃል ሰጡ። እኔን እንኳ የጠየቀኝ ባል አልነበረም፤ ብቻዋን ከሄደች መንገድ ትስታለች ብዬ ተከተልኳት። መንገድ የሳትኩት እኔ ነኝ።

ቴፒ ዳር እትዬ ማናልሞሽ የሚባሉ ባለማሳ ለቡና ለቀማ ተቀበሉን። ከቡና አገር፣ ከሚዛን ከተማ የመጣን እህትማማቾች ነን አልናቸው፤ ቲጂንም ምሕረት አልናት። ያደግነው ግን ገብስ አገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች እየሸመጠጥን፣ አረንጓዴውንም ቀዩንም ቅርጫት ሞላንና ሰውን ሁሉ ቀደምን ብለን ተኩራራን። እትዬ ማናልሞሽ ቅርጫታችንን አይተው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ሚዛን ያደገ ሰው እንዲህ አይለቅምም» አሉ።

ሌላ ግን አልጠየቁንም፤ ቀዩን ብቻ እየመረጥን መቅጠፍ አስተማሩን። ከዚያ በኋላ ያሳለፍናቸውን ሳምንታት የሚያህል ደስታ አላየሁም። ተነሺ ተቀመጪ የሚለን የለም፤ ሲዘንብ የሙዝ ቅጠል ተከናንበን እንዘፍናለን።

ሁለት ወር እንዳለፈን ቲጂ ካልጸለይኩ አለች። ቸርች ሄደን ከኋላ ተቀመጥን። ከመዝሙሩ በኋላ መሪው እንደተለመደው፣ «እንግዶች ካላችሁ ተነሡና ራሳችሁን አስተዋውቁን» አለ። ቀሚሷን ሳልይዝባት ቲጂ ቆመች።

«ቲጂ ታፈሰ እባላለሁ። የመጣሁት ከማጂ ነው፤ ከዚያ ካሉ ቅዱሳን ሰላምታ ይዤላችሁ መጥቻለሁ» አለች፣ በማጂ ቸርች እንግዳ ሁሉ ሲል ከልጅነቷ ስትሰማ እንዳደገችው።

ጉባኤው አሜን አለ። እኔ ወንበር ሥር መግባት አማረኝ።

«ምን ነካሽ?» አልኳት ስንወጣ።

«በጌታ ቤት ቆሜ ልዋሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ የሠራችው ሲገባት አፏን ያዘች።

ሰላምታ ደግሞ ሳይመለስ አይቀርም። ወደ ማጂ የሚሄድ አንድ ወንጌላዊ የጉባኤውን ሰላምታ ከቲጂ ስም ጋር ይዞ ሄደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪና በጮኸ ቁጥር ቡናው ሥር እንደበቅ ነበር።

አጎቴ ታፈሰ አንድ ሐሙስ ቀን በቡናው መሐል ብቅ አሉ። ቲጂ ቅርጫቷን አላስቀመጠችም።

«አባዬ፣ አላገባውም» አለች ገና ሰላም ሳይሏት። «ቢወስዱኝም እንደገና እጠፋለሁ።»

እሳቸው ጉቶ ላይ ተቀመጡ፤ በጣም ከስተዋል።

«ሦስት ወር ሙሉ በየወንዙ ዳር ሬሳሽን ስፈልግ ነበር» አሉ። «እሑድ ዕለት ቲጂ ሰላም ብላችኋለች ሲባል እናትሽ ጉባኤ መሐል እልል አለች። ነጋዴውን በማግስቱ ሌላ ፈልግ አልኩት።»

እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ለእኔ የደረሰኝ የእናቴ ቁጣና አንድ ሹራብ ነው።

ወረቀቱ ከማጂ ትምህርት ቤቷ የተጻፈ የዝውውር መሸኛ ነበር፤ ያለ እሱ ቴፒ ውስጥ የሚመዘግባት ትምህርት ቤት የለም። የቲጂ እጅ በቡና ስለቆሸሸ እኔ አነበብኩላት። ስሟ አለ፣ ክፍሏ አለ፣ ማኅተሙ አለ። የለቀቀችበት ምክንያት ከሚለው ፊት ለፊት ርዕሰ መምህሩ «በአባቷ ፈቃድ» ብሎ ጽፏል።

«እስቲ የመጨረሻዋን ድገሚልኝ» አለች ቲጂ።

ደገምኩላት።